ስፍርና ሚዛን በመንዝ ገበያ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚታጠፍ መንገደኛ ሞላሌን አልፎ መሐል ሜዳ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይቆማል። አገሩ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። ብርዱ የታወቀ ስለሆነ ብዙ አንልም።

በገበያው ዓይናችንን የሳበው መስፈሪያው ነው። ገብሱና ባቄላው በቁናና በጣሳ ይሰፈራል። ድንቹና ቀይ ሽንኩርቱ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በመደብ በመደብ ተቆልሏል፤ ጎመኑ በእስር ነው። ሸማቿ «እማማ፣ ይመርቁልኝ እንጂ» ስትል ሻጯ ሁለት ሦስት ድንች ጣል ያደርጋሉ። ይህች ምርቃት በስንት ግራም ትታሰብ?

ችግሩ የሚመጣው ማዕድ ቤት ሲገባ ነው። አንዱ የምግብ አሠራር መጽሐፍ «ግማሽ ኪሎ ድንች» ይላል፤ ሌላው «ሁለት ኩባያ የተከተፈ ጎመን» ይላል። ኩባያን ወደ ኪሎ የሚለውጥ አንድ ቁጥር ያለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ውሃ ሲሞላ 240 ግራም ይመዝናል። የተከተፈ ሽንኩርት ሲሞላ ግን 160፣ ድንች 150፣ ካሮት 125፣ ጥቅል ጎመን ደግሞ 90 ግራም ግድም ነው። በክትፋዩ መካከል አየር አለና። አከታተፉ ሲደቅ ወይም ቅጠሉ በእጅ ሲጫን ቁጥሩ ይለወጣል። (ውሃም በዚህ ከፍታ 90 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሚፈላ ድንቹ ቶሎ አይበስልም፤ ይህ ግን በመመዘን የሚድን አይደለም።)

ሚዛን የሌለው ቤትስ? ቀጥ ያለ ዱላ መሐሉን በገመድ አንጠልጥሎ፣ ከመሐሉ እኩል ርቀት ላይ ሁለት እኩያ ዘንቢሎች በግራና በቀኝ ማሰር ነው። ባዷቸውን ከተስተካከሉ በኋላ በአንዱ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይቀመጣል። በሌላው ዱላው እስኪስተካከል ድንች ይጨመራል፤ ይኸው ግማሽ ኪሎ። የፕላስቲኩ ክብደት ለወጥ የሚቆጠር አይደለም። ያንኑ ድንች ልጦና ከትፎ ስንት ኩባያ እንደሚሞላ አንድ ጊዜ መዝግቦ መያዝ ለሁልጊዜ ይበቃል።

ከመንዝ በስተምዕራብ ወደሚገኘው መርሐቤቴ ሲወረድ ሙቀቱም አዝመራው‎ም ይለወጣል፤ ጤፍና ማሽላ ይመጣል። እዚህ ላይ ነገሩ ከወጥ ያለፈ ይሆናል። ውድ አንባብያን እንደሚያውቁት ዘካተል ፊጥር በሷዕ የተደነገገ ነው፤ ሷዕ ደግሞ ስፍር እንጂ ሚዛን አይደለም። አራት ሙድ ሲሆን፣ አንዱ ሙድ የመካከለኛ ሰው የሁለት እጅ ሙሉ እፍኝ ነው። አቡ ዳውድና ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሚዛን የመካን፣ ለስፍር የመዲናን ሰዎች ልክ መነሻ አድርገዋል። መካ የነጋዴ፣ መዲና የእርሻና የተምር ከተማ ነበረችና።

በአማርኛ ሷዕን «ቁና» ብሎ መተርጎም ተለምዷል። ትርጉሙ ለጆሮ ቢጥምም ለእኛ አይዋጥልንም፤ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አይገጥምምና። ዛሬ ዛሬ ሷዑ ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ተብሎ ይነገራል። ይህ ለጥንቃቄ መልካም ነው፤ ግን የየትኛው እህል ኪሎ? አንዱን ዕቃ ገብስ ቢሞሉትና ጤፍ ቢሞሉት ጤፉ በክብደት ይበልጣል። እንግዲያው በገብስ ተመዝኖ የተገኘውን ኪሎ ለጤፍ የወሰደ ሰው ስፍሩ ይጎድልበታል፤ የሚጎድለውም ከሚስኪኑ ድርሻ ነው።

በመሆኑም ረመዳን ሳያልቅ የሷዕን ልክ ከሚያውቅ ዓሊም ጠይቆ አንድ ዕቃ መለየት፣ ያንኑ ዕቃ በየእህሉ እየሞሉ መመዘን፣ የገብሱን፣ የስንዴውንና የጤፉን ኪሎ ለየብቻ ጽፎ በመስጊዱ በር ላይ መለጠፍ ይቻላል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ የመድረሳ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ።