አንድ ስድስተኛ

ቢጠና ላይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ በሁለት ግራፎች መካከል ያለውን ስፋት አስላ ቢባል ብዙ አይቸገርም። ከላይኛው የታችኛውን ይቀንሳል፣ ኢንተግሬት ያደርጋል። በኤክስ እና በኤክስ ስኩዌር መካከል፣ ከ0 እስከ 1፦ ከ1/2 ላይ 1/3 ሲነሳ 1/6። አከበበ፣ አለፈ። «ምን ይሠራልናል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ለፈተና» ነው።

ልጁ የተበደለው እዚህ ላይ ነው። ሕዝቡን ከደሃው ጀምራችሁ ደርድሩና የሚደርሰውን ድርሻ እየደመራችሁ ግራፍ ሳሉ። ሁሉም እኩል ቢያገኝ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ካላገኘ ወደ ታች ይጎብጣል። ሎሬንዝ በ1905 ያቀረበው ይህንን ነው። በመስመሩና በጎባጣው መካከል ያለው ስፋት በእጥፍ ሲወሰድ ደግሞ በየዜናው የምንሰማው የጂኒ መለኪያ ነው።

እንግዲህ የ1/6 እጥፍ 0.33 ነው። ግማሹ ሕዝብ ሩቡን ብቻ የሚያገኝበት አገር ማለት ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2015/16ቱ የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ለኢትዮጵያ ያወጣው 0.35 ነው፤ ከደብተሩ መልስ ብዙም አይርቅም!

የአባቱ ማሳ ለወንድማማቾች ሲሸነሸን እያየ ላደገ የወላይታ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም ነበር። የአሥር ጎረቤት ማሳ ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድረህ ና ቢባል፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃው ነበር።