የስድስት ዓመት ኵራት

ጄን ኦስተን በእንግሊዝ አገር የነበረች ስመ ጥር ደራሲ ናት። እርስዋ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1817 ዓመት ከሞተች በኋላ፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ «ፐርስዌዥን» የተባለው መጽሐፍዋ ታተመ። ትርጓሜውም ማግባባት ማለት ነው፤ ታሪኩም እንዲህ ነው።

በ1806 ዓመት ፍሬድሪክ ዌንትወርዝ የሚባል የባሕር ኃይል መኰንን፥ አን ኤልዮት የምትባል የ19 ዓመት ልጃገረድ ወደደ። ላግባሽ ብሎ ቢጠይቃት እርስዋም እሺ አለችው። ነገር ግን መኰንኑ ገንዘብ አልነበረውም። አባትዋ በማዕረጉ የሚመካ ሰው ነበረና ጋብቻውን ናቀ። የሟች እናትዋ ወዳጅ የነበረች ወይዘሮም ይህ ጋብቻ እንዳይበጃት መከረቻት። አንም ምክሩን ሰምታ ቃልዋን አፈረሰች፤ መኰንኑም አዝኖና ተቈጥቶ ሄደ።

ከ8 ዓመት በኋላ፥ በጦርነት ከተማረኩ መርከቦች ብዙ ገንዘብ አግኝቶ ተመለሰ። አንን ባየ ጊዜ መልክዋ እጅግ እንደ ተለወጠ ተናገረ፤ ሌላም ሴት ለማግባት አሰበ። ፍቅሩ የጠፋ መሰለው፤ ነገር ግን ቍጣው ሸፍኖት ነበር እንጂ አልጠፋም። እሳት በአመድ ቢዳፈን ጠፋ አይባልምና።

አንድ ቀን ላይም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፥ ሉዊዛ የምትባል ልጃገረድ አትዝለዪ ብትባል እንቢ ብላ ከደረጃ ዘለለች፤ ወድቃም ራስዋን ሳተች። ሌሎቹ ሲደነግጡ አን ልብዋን አጽንታ ሐኪም እንዲጠራ አደረገች። ያን ጊዜ ዌንትወርዝ እልከኝነትና ጽኑ ልብ አንድ እንዳይደሉ አስተዋለ።

በኋላም ባዝ በምትባል ከተማ፥ የሴት ፍቅር ተስፋ ከጠፋ በኋላ እንኳ እንደሚጸና አን ለሌላ ሰው ስትናገር ሰማ። በአፉ መናገር አልቻለምና ደብዳቤ ጽፎ ሰጣት፤ ታርቀውም ተጋቡ።

ከታረቁ በኋላ ዌንትወርዝ አንድ ነገር ጠየቃት። በ1808 ዓመት ጥቂት ሺህ ፓውንድ ባገኘ ጊዜ ደብዳቤ ጽፎላት ቢሆን ኖሮ ትቀበለው ነበርን? መልስዋ አዎን የሚል ነበረ። እርሱም ሊጽፍላት አስቦ ሳለ በኵራት እንደ ተወው ነገራት። እንግዲህ የመጀመሪያውን መለያየት የሰው ምክር ቢያመጣው፥ የኋላውን ስድስት ዓመት ያመጣው የገዛ ራሱ ኵራት ነው።

ልጆች ሆይ፥ ከባልንጀራችሁ ጋራ በተጣላችሁ ጊዜ «እርሱ አስቀድሞ ይናገረኝ» አትበሉ። ምናልባት እርሱም እንዲሁ እያለ ይጠብቃችኋል። የተቀየመ ልብ ይታረቃል፤ ያለፈ ዘመን ግን አይመለስም።