ከጥያቄ ወደ ስብከት

ሰሞኑን የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራሲውን የኤች ጂ ዌልስን መጻሕፍት በታተሙበት ቅደም ተከተል መልሼ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1898 የታተመው «የዓለማት ጦርነት» የማርስ ፍጡራንን በለንደን ላይ አዝምቶ፣ ቅኝ ገዢውን እንግሊዛዊ የተገዢዎችን ፍርሃት ያቀምሰዋል። ስብከቱ ጥቂት ነው፤ ፍርሃቱ ራሱ ይናገራል።

በ1933 ከታተመው «የመጪው ዘመን መልክ» ስደርስ ግን ልቤ ቀዘቀዘ። ዌልስ ዓለምን በአንድ መንግሥት ሥር የማዳን ዕቅድ ይዟል፤ መጽሐፉም የታሪክ መማሪያ እንጂ ልቦለድ አይመስልም። የደራሲው ዕውቀት አልቀነሰም፤ የቀነሰው ጥርጣሬው ነው።

ይህን የምለው በእርሱ ለመፍረድ አይደለም። የራሴን የቆዩ የፖለቲካ መጣጥፎች ሳገላብጥ ጥያቄ ሞልቶባቸዋል፤ የዘንድሮዎቹ በሙሉ መልስ ናቸው። ውድ አንባብያን፣ ዕድሜ አብስሎኝ ይሆን ወይስ አድርቆኝ? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።