አንድ ሰዓት የሚባለው መንገድ

ነፋስ ስልክ ይህን ስያሜ ያገኘው ቀድሞ ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ ነው። መልእክት በአየር ወዲያውኑ ይደርሳል። ሕፃን ያቀፈች እናት ግን በአውሮፕላን ብትሄድም እንደዚያ አትፈጥንም። ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ተነሥታችሁ ወደ ባሕር ዳር ዘመድ ለመጠየቅ ስታስቡ ይህን አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል።

ከቦሌ እስከ ባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመኪና ሲሆን በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚኬድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ይሁን እንጂ አንድ ሰዓት የተባለው ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለው ብቻ ነው። የቤተሰብ ጉዞ የሚቆጠረው ከቤት ደጃፍ ነው። ከላፍቶ፣ ከለቡ ወይም ከጀሞ በቀለበት መንገድ ቦሌ ለመድረስ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ከሆነ አንድ ሰዓት ያዙለት። ለፍተሻና ለምዝገባ ሁለት ሰዓት፣ ለበረራው አንድ ሰዓት፣ ዕቃ ተቀብሎ ለመውጣት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ድምሩ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓትም እንደኛ አቆጣጠር አይደለም። 7:00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት መስሎት የሚሄድ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከተነሣ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ለለቅሶ ወይም ለሕክምና የሚቸኩል ሰው እንዲህ ቢሳሳት ጉዳቱ ከባድ ነው። ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚጻፍ ከኛው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

የጠዋት በረራ የያዘች እናት ከቤቷ የምትወጣው ሌሊት በ10 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ሕፃኑን ማልበስ፣ ለሚቀሩት ልጆች ቁርስ ማሰናዳት፣ ዕቃ መሸከፍ አለባት። ትኬቱ ያልቆጠራቸው ሰዓቶች በአብዛኛው በእርሷ ትከሻ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ሥራው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ከባልና ከትልልቅ ልጆች ጋር መከፋፈል ይኖርበታል።

አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ የአየሩ ግፊት ስለሚለዋወጥ የሕፃናትን ጆሮ ያማል፤ በዚያን ጊዜ ጡት ማጥባት ሕመሙን ያስታግሣል። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ በመሆኗ ለሕፃኑ ስስ ልብስ መያዝ አይዘንጋ። ለሚቀበሏችሁ ዘመዶችም የበረራውን ሰዓት በኛው አቆጣጠር ንገሯቸው።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።