ጉድጓድ ከጉድጓድ ሲጎራበት

“ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ” የሚለውን ምሳሌ አማርኛ የሚማር ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰማዋል። ሲሰማውም “ጥሩ” የሚለውን ቃል “መልካም” ብሎ ተርጕሞ ያልፋል። እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ቦታ ጥቂት ዕድል አለን። በቋንቋችን ንጹሕ የሆነው ነገር “ጽሩይ” ይባላልና፥ የአማርኛው “ጥሩ” እና የትግርኛው “ጽሩይ” ከአንድ ሥር የበቀሉ ወንድማማቾች መሆናቸውን ጆሯችን ወዲያው ያውቀዋል። እንግዲህ ምሳሌው የሚያዘን ከጠራው፥ ካልደፈረሰው፥ ሌላ ነገር ካልገባበት ውሃ እንድንቀዳ ነው።

ይህን ማንሣታችን ስለ ሰዋስው ለመጻፍ አይደለም። የየከተማው አስተዳደር የመጠጥ ውሃን ከብክለት ለመጠበቅ የሚያወጣቸውን ደንቦች በረቂቅነታቸው ማንበብ የሥራ ድርሻችን ስለ ሆነ፥ በደንቡ ውስጥ አንድ ቃል ሳይጠራ ሲቀር ውሃውም ሳይጠራ እንደሚቀር በዓይናችን ስላየን ነው።

በተወለድንበት የትግራይ መንደር አንዲት ምንጭ ነበረች። ከዓለቱ ሥር ወጥታ በሦስት ኩሬ ትወርዳለች። ከላይኛው ኩሬ ሰው ይቀዳል፤ ከመካከለኛው ከብት ይጠጣል፤ በታችኛው ልብስ ይታጠባል። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ ሽማግሌ አልነበረም፤ የጻፈውም የለም። ነገር ግን አንድ እረኛ በሬውን ከላይኛው ኩሬ ያጠጣ እንደ ሆነ፥ አባቱ በባይቶ፥ ማለት በመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆሞ ይቀጣ ነበር። ኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ፥ ሳይንስ የምታስተምረን መነኩሲት ከከብቱ ኩሬ የተቀዳች አንዲት ጠብታ ውሃ በማይክሮስኮፕ አሳየችን። በጠብታዋ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ፍጥረት አይተን ወደ ቤት እንደ ተመለስን ለእናታችን በታላቅ አድናቆት ነገርናት። እርሷም ከምጣዱ ሳትነሣ፥ “እኔ ያንን መነጽር አላየሁም፤ ከብቱን ከታች የምናጠጣው ግን ለምን ይመስልሃል?” አለችን።

የውሃ ሕግ በአገራችን በጽሕፈት አልተጀመረም ለማለት ነው። በቦረና ምድር “ቱላ” በሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ዘንድ የማጠጣቱን ተራ የሚያስከብር “አባ ሄረጋ” የሚባል ሰው አለ። ማን መቼ እንደሚያጠጣ ከእርሱ ቃል ይታወቃል።

ቦረናን ካነሣን ዘንድ አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። የውሃ ጉድጓድ በትግርኛ “ዔላ” ይባላል። ኦሮሞዎቹ “ኤላ” ይሉታል፤ ሶማሌዎቹም “ዔል” ይላሉ፤ የኤል ዋቅን የመሰለ የቦታ ስም ከዚሁ የወጣ ነው። ይህ ቃል ሲጠራ ሰው ሁሉ ውሃ ያስባል። በአማርኛ ግን ውሃ የሚቀዳበትም ጉድጓድ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱም ጉድጓድ ነው፤ እህል የሚቀበርበትም ጉድጓድ ነው። ባለቋንቋው ከንግግሩ ሁኔታ ስለሚለየው አይቸገርበትም። ጽሑፍ ሆኖ ሕግ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ከተማ የመጣ ረቂቅ ደንብ በገበታችን ላይ ቀረበ። ከአንቀጾቹ አንዱ “ከጉድጓድ በ30 ሜትር ርቀት ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር የተከለከለ ነው” ይላል። ከሶማሌ ክልል ተዛውሮ የመጣና አማርኛን በትጋት የሚማር አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ደጋግሞ አነበበና፥ “ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከሁለቱ ጉድጓዶች የሚሸሸው የትኛው ነው?” ብሎ ጠየቀ። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነው ጓደኞቻችን ሣቁ። ጥያቄው ግን የሚያሥቅ አልነበረም። እንደ ተጻፈው ከሆነ፥ ሁለት ጎረቤታሞች ሁለት የመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ለአጠገብ ቢቆፍሩ ሕግ አፍርሰዋል፤ የከተማው ዳኛም የትኛውን ጉዳት ለመከላከል እንደ ታሰበ ከጽሑፉ አያገኝም። በዚያ ቀን “የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ” እና “የመጸዳጃ ጉድጓድ” የሚሉት ሙሉ ስሞች በየመስመሩ እንዲገቡ ተደረገ። አማርኛ በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምት ሆይ፥ ጥያቄያችሁን ስለ ሣቅ ብላችሁ አታስቀሩብን።

ሁለቱ ጉድጓዶች ሲጎራበቱ የሚሆነውን የሎንዶን ከተማ በ1854 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አይታዋለች። ሶሆ በሚባለው ሰፈር፥ በብሮድ ስትሪት፥ ሕዝቡ ውሃ የሚቀዳበት አንድ የእጅ ፓምፕ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ የገባው ኮሌራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች ገደለ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሟቾቹን ቤት እየቆጠረ ነገሩ ወደዚያ ፓምፕ የሚያመለክት መሆኑን ስላገኘ፥ ለአጥቢያው ሹማምት አስረዳ፤ እነርሱም የፓምፑን እጀታ አስነቀሉት። ወረርሽኙ ከዚያ አስቀድሞ መብረድ ጀምሮ ነበር። ኋላ ቦታው ሲመረመር፥ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የአንድ ቤት የእዳሪ ጉድጓድ ተገኘ፤ ግድግዳው ፈርሶ ወደ ውሃው ይሰርግ ነበር። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው፥ እጀታውን ያስነቀለው ፓርላማ ሳይሆን የአጥቢያ ሸንጎ መሆኑን ነው።

ስለዚህ 30 ሜትር የሚባለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቆሻሻው በአፈር ውስጥ ሲጓዝ ይጣራል፤ በውስጡ ያሉት የበሽታ ዘሮችም ጊዜ ሲረዝምባቸው ይሞታሉ። የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለል ከከርሰ ምድሩ ውሃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ እንዲል፥ ቦታውም ከውሃው ቍልቍል በኩል እንዲሆን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። አፈሩ ደቃቅ ሲሆን 30 ሜትር ይበቃ ይሆናል፤ ዓለቱ የተሰነጠቀ ሲሆን ግን ውሃው በስንጥቁ ሳይጣራ ስለሚሮጥ መቶ ሜትርም ላይበቃ ይችላል። ውሃው ጠርቶ መታየቱ ምስክር አይሆንም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ሙላት ቢሆንም ለምንጭም ይሠራል።

በአገራችን የሕግ እጥረት አለ ለማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ሰጠ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለውን ውሃ ከማናቸውም ሌላ አገልግሎት አስቀደመ። በዚያው ዓመት የወጣው የጤና አዋጅ ቍጥር 200 ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ውሃ እንዳይለቀቅ ከለከለ። በ1995 ዓ.ም. የብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ተከተለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 517 የመጠጥ ውሃን የሚመርዝን ሰው ወንጀለኛ አደረገው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ሆኖም አንዳቸውም የእገሌ ሰፈር ምንጭ አጥር ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚደርስ አይናገሩም፤ ሊናገሩም አይችሉም። ያ ሥራ የከተማውና የቀበሌው ነው።

የከተማውም ሥልጣን ወሰን አለው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚጠጣው ውሃ ብዙው ክፍል ከከተማው ወሰን ውጭ ይመጣል። በ1930ዎቹ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብና ኋላ የተጨመረው የድሬ ግድብ በኦሮሚያ ምድር ላይ ናቸው። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት ምንም ያህል ጥብቅ ደንብ ቢያወጣ፥ ወደ ግድቡ የሚወርደው ጎርፍ የሚያልፍበትን እርሻና መንደር አያዝበትም፤ ከጎረቤቱ ጋር መስማማት አለበት። ሸክሙ በአንድ በኩል ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ማሰብ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ የተከፈተው የከተማው ቆሻሻ ማስወገጃ፥ የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንና አየራችን ተበከለ ብለው ስለ ተቃወሙ በዚያው ዓመት ሥራውን አቆመ። ቆሻሻው ወደ ቀድሞው ቦታ ወደ ረጲ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የረጲው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። በቤታችንም ክረምት ሲገባ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣም። ቧንቧው ተቋርጦ ሲመለስ በተሰነጠቀበት በኩል የቦዩን ቆሻሻ ስቦ ሊያስገባ ይችላልና፥ ባለቤታችን በዚህ ነገር ከማናቸውም ደንብ የጠነከረች ናት።

አሁን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ወዳለች አንዲት አነስተኛ ከተማ እንሂድ፤ ስሟን መጥቀስ አያስፈልግም። በዚህች ከተማ ከገበያው በላይ አንዲት የጎለበተች ምንጭ አለች። ከምንጯ በላይ አንድ ሰው የመኪና ማጠቢያ ከፍቶ ነበር። ደንቡ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ በተጠራው ስብሰባ ላይ እንድንገኝ ታዘዝን። ጸሐፊው ተነሥቶ፥ “ማንኛውም ሰው የውሃ አካልን ሊበክል ከሚችል ተግባር የመቆጠብ ግዴታ አለበት” ብሎ አነበበ። አዳራሹ ዝም አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡና፥ “ልጄ፥ ይህ ብክለት የምትሉት በሽታ በእኛ ሰፈር ገብቶ ያውቃል?” አሉን።

“እማማ፥ ብክለት ማለት ከምንጩ በላይ የሚታጠበው መኪና ዘይቱ ወደ እንስራዎ ሲገባ ነው” አልናቸው።

“እርሱማ ከሆነ ስሙን ሳናውቀው ስንጠጣው ኖረናል” አሉ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ሕይወት አገኘ። ጸሐፊው አስተዋይ ሰው ስለ ነበረ እዚያው በእርሳስ መሰረዝ ጀመረ። ከምንጩ በላይ መኪና አይታጠብም። ከብት ከገንዳው እንጂ ከምንጩ አይጠጣም። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ በየዓመቱ ከክረምት በፊት ይጠረጋል፤ ጠራጊው እገሌ ነው። እንዲህ ባለ አማርኛ የተጻፈ ሕግ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ክብር የጎደለው ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን የሕግ ክብር ያነበበው ሰው በሚገባው መጠን ነው።

የማጠቢያው ባለቤት ተነሥቶ፥ “ፈቃድ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ዛሬ የምትከለክሉኝም እናንተ ናችሁ። ከሁለት አንዱን ማኅተም ንገሩኝና እርሱን ልስማ” አለ። እውነት ነበረው። ፈቃዱን የሰጠው ክፍልና ደንቡን ያረቀቀው ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ በሁለት በር የሚገቡ ሲሆኑ፥ አንዱ የሌላውን ወረቀት አላየም። ሰውየው ቤተሰብ የሚያስተዳድር ነውና ከምንጩ በታች ምትክ ቦታ ይሰጠው ተባለ፤ መስከረም ከጠባ በኋላም ተዛወረ። ስለ እርሱ የሚቀረን ቅሬታ የለም።

ቅሬታችን ሌላ ነው። ወሰኑን ለማበጀት የ30 ሜትር ገመድ ይዘን ከምንጯ ዙሪያውን ስንለካ፥ በአንደኛው አቅጣጫ ገመዱ የትምህርት ቤቱን አጥር አልፎ ገባ። የተማሪዎቹ መጸዳጃ ከምንጯ 19 ሜትር ላይ፥ ያውም በላይ በኩል ተቆፍሯል። ያስቆፈረው ራሱ አስተዳደሩ ነው። ኖራ የተቀባውን የወሰን ድንጋይ የያዘው ሠራተኛ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ወደ እኛ ያያል፤ እኛ ወደ ጸሐፊው እናያለን፤ ጸሐፊው ደግሞ ወደ መሬት ያያል። የማጠቢያው ባለቤት ያን ዕለት በቦታው ነበር፤ ምንም አልተናገረም።

ውሃው ተቀድቶ ተመረመረ። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ሊገኝ የማይገባው ኢ. ኮላይ የሚባለው ተሐዋስ ተገኘ፤ ይኸውም የሰው ወይም የእንስሳ ዓይነ ምድር ወደ ውሃው መድረሱን ያሳያል። ደንቡ ጥፋተኛውን በገንዘብ ይቀጣል። አስተዳደሩ ራሱን ቀጥቶ ገንዘቡን ለራሱ ገቢ ያድርግ? ይህን ስንጠይቅ ጸሐፊው፥ “ቅጣቱ ይቅርና ጉድጓዱ ይዘጋ” አለ፤ እኛም ከእርሱ ጋር ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ይህ ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ቍልቍል በኩል ጊዜያዊ መጸዳጃ ተቆፍሮ ተማሪዎቹ ወደዚያ ተዛውረዋል። የውሃ ኮሚቴው ለየቤቱ የውሃ ማከሚያ ያድላል። አሮጊቷ ግን የመድኃኒቱ ሽታ አልጥም ስላላቸው የልጅ ልጃቸውን ጀሪካን አስይዘው ከወንዙ ማዶ ወዳለው ምንጭ ይልካሉ፤ ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አሮጌው ጉድጓድ እንደ ሞላ ነው፤ ፍሳሽ የሚመጥጠው መኪና ከዞኑ ከተማ ሁለት ጊዜ ተልኮ በሁለቱም ጊዜ በገበያው ጠባብ መንገድ ማለፍ አቅቶት ተመልሷል።