በየቀኑ አንድ መዝሙር



እስቲ ቤታችሁ ውስጥ ስንት የአማርኛ መጽሐፍ እንዳለ ቁጠሩ። እኛ ቤት አንድ ነበር፦ መጽሐፍ ቅዱስ። ከአገር ስወጣ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ የከተተችው ነው። ቤት በቀየርን ቁጥር አብሮን ዞረ እንጂ ብዙም አልተገለጠም። አምና የልጄ መምህርት "ልጆቹ በየቀኑ 15 ደቂቃ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ" ሲሉን፣ ሌላ የምናነበው ስላልነበረን እሱኑ ከመደርደሪያ አወረድነው። በቀን አንድ መዝሙር ብንል 150ው በአምስት ወር ያልቃል ብዬ በዳዊት ጀመርን።

ትምህርት ቤታችን የሁላችንም ነው፤ ልሰብካችሁ አይደለም የምጽፈው። ልጆቻቸውን ቁርኣን የሚያስቀሩ ወላጆች የምለውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቅዱስ መጽሐፍ ከልጅ ጋር ቀስ ተብሎ ሲነበብ፣ አጠገብ የተቀመጠውም ሰው ይማራል።

በቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ ከፊደል ተነሥቶ ንባብ የሚለማመደው በዳዊት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ንባቡም ደረጃ አለው። አንደኛው "ቁጥር" ይባላል፤ ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ እየነካ ለየብቻው ይጠራል። ሳይደናቀፍ፣ የሚነሣውን አንሥቶ የሚወድቀውን ጥሎ የሚያነብበት "ቁም ንባብ" የሚመጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ "እ... ረ... ኛ" እያለ ሲጎተት ደካማ ነው አትበሉ። የኔታዎቹ ከጥንት ጀምሮ ስም የሰጡት ደረጃ ላይ ነው ያለው።

እኔ ያደግሁት እናቴ ዳዊት ስትደግም እየሰማሁ ነው። ጆሮዬ ከመልመዱ የተነሣ ቃሉ ሳይነካኝ ያልፍ ነበር። ልጄ ግን አንዷን ቃል ለመጨረስ ስትታገል እኔም ቆሜ መጠበቅ ነበረብኝ። "እረኛ ምንድን ነው?" ትላለች። "አለት ምን ማለት ነው? እግዚአብሔርን ለምን አለት ይለዋል?" ለእሷ ሳስረዳ፣ ስንት ዓመት በቃሌ የማውቀውን ነገር ገና ያኔ አሰብኩት።

ከጸሎት የራቅሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቴ ሲታመም የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበርና መሄድ አልቻልኩም። መርዶውን እዚሁ ሰማሁ፤ ቀብሩን በስልክ ቪዲዮ አየሁ። ወዳጆች መጥተው አጽናኑኝ፣ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ልጸልይ ስል የሚመጣልኝ ቃል አልነበረም። አልካድኩም፤ ዝም ነው ያልኩት። እሑድም ሥራ ስለነበረኝ ዝምታዬን ልብ ያለው ሰው የለም።

88ኛው መዝሙር ላይ ስንደርስ ሦስት ወር ሊሞላን ነበር። ብታዩት፣ አብዛኞቹ የእሮሮ መዝሙሮች ወደ መጨረሻቸው ወደ ተስፋ ወይም ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይሄኛው አይዞርም። ሰውየው ሌት ተቀን እንደጮኸ፣ እግዚአብሔር ፊቱን እንደሰወረበት፣ ወዳጆቹም እንደራቁት ይናገርና እዚያው ጨለማው ላይ ያቆማል። ልጄ ቀጣይ ያለው መስሏት ገጹን ገለጠች። ከዚያ ዞር ብላ፣

"እማዬ፣ እግዚአብሔርን እንደዚህ መናገር ይቻላል እንዴ?" አለችኝ።

"ይቻላል። ይኸው ተጽፎ የለ?" አልኳት።

የመለስኩት ለእሷ ነው፤ መልሱን የፈለግሁት ግን እኔ ነበርኩ። ያን ሌሊት ከስንት ዓመት በኋላ ጸለይኩ። ምስጋና አልነበረም። ስለ አባቴ ሆዴ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ አለቀስኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ ያለ ነገር ነው። ከሌሊት ሥራ ስመለስ፣ ቤቱ ሳይነቃ የማርቆስን ወንጌል ማንበብ ጀመርኩ፤ ከአራቱ አጭሩ ነው፣ 16 ምዕራፍ። እሑድ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ቅዳሴ እንሄዳለን። አባቴን ሳላየው ለምን እንደሄደ ዛሬም አላውቅም። አሁን ግን የምጠይቀው አለኝ።

መሞከር ለምትፈልጉ ሁለት ሦስት ነገር ልበል። በተለምዶ የ1954ቱ የሚባለው ትርጉም ለጆሮ ያምራል፣ ለልጅ ግን ይከብዳል፤ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ቀለል ይላል። ቁጥሩንም ልብ በሉ። እናቴ በስልክ "22ኛውን ታንብብልኝ" ብትል፣ ልጄ ጭራሽ ሌላ መዝሙር አነበበችላት! የእረኛው መዝሙር በግእዙ ዳዊት 22ኛ ነው፤ በእንግሊዝኛውና በብዙ የአማርኛ ዕትሞች ደግሞ 23ኛ። ረጅሞቹን ከፋፍሏቸው፤ 119ኛው ብቻውን 176 ቁጥር ነው፣ በአንድ ቀን የሚሞከር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን አጠገባቸው ተቀመጡ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስታውሱ። ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበር። ማንበቡን ያውቃል፣ የሚያነበው ግን ፊልጶስ ወጥቶ አጠገቡ እስኪቀመጥ አልገባውም። የእኛ ልጆች ፊደሉን እዚህ ትምህርት ቤት ያገኛሉ፤ አጠገባቸው የሚቀመጠው ሰው እቤት ነው ያለው። የማታውቁትን ሲጠይቋችሁም አትጨነቁ፤ "እኔም አላውቅም፣ እስቲ ቀጥዪ" ማለት ይበቃል።