አድፍጦ የተቀመጠው

በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ «ኢንሲዲየስ» የሚል ቃል አጋጥሟችሁ ይሆናል። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ስውር»፣ «መሠሪ»፣ «ተንኮለኛ» የሚሉ ፍቺዎች ታገኛላችሁ። ሁሉም እውነትነት አላቸው፤ አንዳቸውም ግን ቃሉን ሙሉ በሙሉ አይሸፍኑትም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቃሉን የያዝኩት ለፈተና ነበር። ክብደቱ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ በአባቴ የሕክምና ወረቀት ላይ ሳነበው ነው።

ሥሩ ላቲን ነው። «ኢንሲዲዬ» ደፈጣ ማለት ሲሆን፣ «ውስጥ መቀመጥ» የሚል ትርጉም ካለው ግሥ የመጣ ነው። ሽፍታ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጦ መንገደኛ ሲጠብቅ አስቡ። መንገዱ የትናንቱ መንገድ ነው፤ ወፎቹም እንደ ወትሮው ይንጫጫሉ። አደጋው ግን ቦታውን ይዟል። በዛሬው እንግሊዝኛ ቃሉ አንድ ነገር ጨምሯል፤ ጉዳቱ ከመደበቁ በላይ፣ ተደብቆ ቀስ በቀስ ያድጋል። ስለዚህ ጎርፍን ወይም የመኪና አደጋን በዚህ ቃል አንጠራም። ወሬን፣ ዕዳን፣ ንቀትን፣ በሽታን ግን እንጠራበታለን።

ጎረቤቶቹን ብናይ ይበልጥ ይጠራል። «ፐርኒሸስ» የጥፋቱን ብዛት ይናገራል፤ በአደባባይ የሚታይ ጥፋትም ሊሆን ይችላል። «ትሬቸረስ» እምነት የተጣለበት ሲከዳ ነው፤ ወዳጅም፣ የሚያዳልጥ መንገድም ይባልበታል። «ስቴልዚ» አካሄድን ብቻ ይገልጻል፤ ድመት ኮቴዋን አጥፍታ ብትራመድ በማንም ላይ ክፉ አስባለች ማለት አይደለም። «ሳትል» ደግሞ ለበጎም ይሆናል፤ ለረቂቅ ሽታ፣ ለረቂቅ ሐሳብ። በጽሑፍ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለየውን «ኢንቪዲየስ»ን ተጠንቀቁ። እርሱ ከቅናት ሥር የመጣ ሲሆን፣ አድልዎ ያለበትንና ሰውን የሚያስቀይም ነገር ያመለክታል።

አሁን ወደ አባቴ ወረቀት። ሐኪሙ የበሽታውን አጀማመር የገለጸው በዚህ ቃል ነበር። በሽታው ግላኮማ ነው፤ ምስልን ከዓይን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳል። በብዙዎች ላይ እንደሚታየው የአባቴም ዓይን አላመመውም፣ አልቀላም። ጋዜጣውን እያነበበ፣ ከጎኑ ያስቀመጠውን ብርጭቆ ግን በክርኑ ይደፋ ነበር። ገበያ ውስጥ በግራው ከሚመጣ ሰው ጋር ይጋጫል። «እርጅና ነው» ይል ነበር፤ እኛም ከእርሱ ጋር እንስቅ ነበር። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዳር ነው፤ የጎደለውን አንጎል ራሱ ስለሚሞላው ሰውየው መጉደሉን አያይም። ሲመረመር የግራ ዓይኑ የጎን እይታ በአብዛኛው ሄዶ ነበር። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለመጠበቅ በየማታው ጠብታ ያደርጋል። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም እኔና ወንድሞቼም እየተመረመርን ነው።

እናቶቻችን ይህን ቃል ያለ እንግሊዝኛ ያውቁታል። ነቀዝ የገባበትን ባቄላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትሉ የሚያድገው በፍሬው ውስጥ ስለሆነ፣ ቅርፊቱ ላይ ቀዳዳ ስታዩ ሆዱ አስቀድሞ ተበልቷል። ለዚህ ነው ጎተራ የሚፈተሸው ገና እህሉ ደህና ሲመስል።

በእኛም ሕይወት እንዲህ ያለ ነገር አለ። በ10 ብር የተጀመረ የቤቲንግ ትኬት፣ «ለጸሎት እንዲሆነን» ተብሎ የሚነገር ሐሜት፣ ከወዳጆቻችሁ ሁሉ ቀስ በቀስ የሚነጥላችሁ ፍቅረኛ። የመጀመሪያው ቀን አንዳቸውም አያሙም። «እስካሁን ምን ጎዳኝ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ አባቴም ቢጠየቅ «ደህና አያለሁ» ባለ ነበር። የሚሻለው «ከዓመት በፊት የነበረኝ፣ ዛሬ የሌለኝ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ወይም ከጎናችሁ ያለ ሰው ምን እንደሚያይ ጠይቁት።

ይኸው የላቲን ቃል በጥንቱ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ላይ ይገኛል። ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ጳውሎስን ሳይገድሉ ላይበሉና ላይጠጡ ተማማሉ። ለሻለቃው የሚቀርበው ጥያቄ ግን ሕጋዊ መልክ ነበረው፤ ነገሩን አጥርተን እንድንመረምር ሰውየውን አቅርብልን የሚል። ደፈጣውን ያፈረሰው አንድ ብላቴና ነው፤ የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ። ስሙ እንኳ አልተጻፈም። ሰማ፣ ወደ ወታደሮቹ ሰፈር ገባ፣ ተናገረ። ሻለቃውም እጁን ይዞ ገለል አድርጎ አደመጠው። በዚያው ሌሊት ጳውሎስ በ200 ወታደሮች፣ በ70 ፈረሰኞችና በ200 ባለ ጦሮች ታጅቦ ወደ ቂሣርያ መንገድ ጀመረ።

ደፈጣ ኃይሉ አለመታየቱ ነው። ስሙ ሲጠራ 40 ሰዎችም ይበተናሉ። አንድ ነገር ከሰማችሁ ወይም በራሳችሁ ላይ ካያችሁ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ለምታምኑት ታላቅ ንገሩ። የቡድን መሪዎች የሆናችሁም ከሻለቃው ተማሩ፤ ልጅ ነው ሳትሉ እጁን ይዛችሁ ገለል አድርጋችሁ ስሙት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።